ፋስት ዴት ፓርሰር፦ ትሬድ-ሴፍ ኮድን ከምንጩ ለማንበብ

የጃቫ የቀን ማንበቢያና መጻፊያ ክላስ የሆነው ሲምፕል ዴት ፎርማት ትሬድ-ሴፍ እንዳልሆነ፣ ማለትም ብዙ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራም ሥራዎች) አንዱን ሲጋሩት እንደሚሳሳት፣ የማያውቅ የጃቫ ባለሙያ ጥቂት ነው። ለምን እንዳልሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙው ይንተባተባል። መልሱን ኮድ ላይ ለማየት ለሚፈልግ አፓቼ ኮመንስ ላንግ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ፋስት ዴት ፓርሰር ግሩም ንባብ ነው። ፓርስ ማድረግ (ጽሑፍን ወደ ቀን መቀየር) ከላይብረሪው ስሪት 3.2 ጀምሮ ተካቷል።

መጀመሪያ ከጃቫው ከራሱ (ከጄዲኬ) ጋር የሚመጣውን፣ የሲምፕል ዴት ፎርማት ወላጅ ክላስ የሆነውን ዴት ፎርማት ክፈቱ። ካላንደር የሚባል ፊልድ አለው፤ ፓርስ በተጠራ ቁጥር ያው አንዱ ካላንደር ይጸዳል፣ እንደገና ይሞላል። አንዱ ትሬድ ሞልቶ ሳይጨርስ ሌላው ያጸዳበታል። አንዳንዴ ነምበር ፎርማት ኤክሴፕሽን ይወጣል፤ ይሄ እንኳ ዕድል ነው፣ ቢያንስ ይታያል። ክፉው፣ ምንም ሳይጮህ የተሳሳተ ቀን ዳታቤዝ ሲገባ ነው።

ፋስት ዴት ፓርሰር ላይ ፓተርኑ (የቀኑ አጻጻፍ ቅርጽ)፣ ታይም ዞኑና ሎካሉ (የቋንቋና የአገር ምርጫው) ፋይናል ናቸው፣ አንዴ ከተሰጡ አይቀየሩም። ፓተርኑ ገና ኦብጀክቱ ሲፈጠር ተበትኖ የስትራቴጂ (እያንዳንዱን የቀን ክፍል የማንበቢያ ዘዴ) ዝርዝር ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ይነበባል እንጂ አይነካም። የሚለዋወጠው ካላንደር በየጥሪው እዚያው ሜተዱ ውስጥ አዲስ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ትሬዶቹ የሚሻሙበት ነገር የለም። ሲንክሮናይዝድ (ትሬዶችን ተራ የሚያስጠብቅ መቆለፊያ) የምታገኙት የወርና የቀን ስሞች ካሽ (ለድጋሚ አገልግሎት የሚቀመጥ ክምችት) የሚዘጋጅበት ቦታ ላይ ነው፤ ፓርስ ሲደረግ መቆለፊያ የለም። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንከኖችም አሉት። ካላንደር ከውጭ የሚቀበል ሌላ ፓርስ ሜተድ አለ፤ አንዱን ካላንደር ለብዙ ትሬድ ካቀበላችሁት የድሮው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ፓርስ ፖዚሽን (ንባቡ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክት) የሚወስደው ሜተድ ደግሞ ሲያቅተው ኤክሴፕሽን አይወረውርም፣ ነል ይመልሳል። ካላንደሩም ልል ነው፦ 2024-02-30 ስትሰጡት ሳያጉረመርም መጋቢት 1 (በፈረንጆቹ ማርች) ያደርገዋል።

ንባቡን በሙከራ አጅቡት። 8 ትሬድ ያለው ኤክሰኪዩተር (ሥራን ለትሬዶች የሚያከፋፍል) ክፈቱ፣ 10,000 የተለያዩ ቀኖችን በአንድ የጋራ ሲምፕል ዴት ፎርማት ፓርስ አስደርጉ፣ ውጤቱን መልሳችሁ ጽፋችሁ ከግቤቱ ጋር አወዳድሩ። ሁሉም ትሬድ አንድ ዓይነት ቀን ከተሰጠው ግን ጥፋቱ ሊደበቅ ይችላል።

ለአዲስ ሥራ ከጃቫ 8 ጋር የመጣው ዴት ታይም ፎርማተር ይበቃል። ስትሪክት (የሌለ ቀንን የማይቀበል) ስታደርጉት በፓተርኑ ውስጥ ለዓመቱ አራት «ዩ» ጻፉ፤ «ዋይ» ከጻፋችሁ ዘመኑን (ከክርስቶስ ልደት በፊት ወይም በኋላ መሆኑን) ጭምር ስለሚጠብቅ ሎካል ዴት አይወጣላችሁም። የኢትዮጵያ አቆጣጠር በፋስት ዴት ፓርሰርም በዴት ታይም ፎርማተርም ውስጥ የለም፤ ጆዳ ታይም የተባለው ሌላ የጃቫ ላይብረሪ ግን ለዚህ ኢትዮፒክ ክሮኖሎጂ አለው።