ቲኤቲ ወይስ የቴታነስ ክትባት?

ኮምቦልቻ ብረት ቤት የሚሠራ ጎረቤቴን የዛገ ሚስማር የጫማውን ሶል በስቶ ተረከዙን ወጋው። ጤና ጣቢያ ሁለት መርፌ ታዘዘለት፦ ቲኤቲና የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) ክትባት። «ወላሂ፣ አንዱ አይበቃም?» አለኝ እያነከሰ።

ፍጥነት፦ ቲኤቲ ከፈረስ ደም የተዘጋጀ፣ የቴታነስን መርዝ የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ወዲያው ይከላከላል። ክትባቱ ግን ሰውነት መከላከያውን ራሱ እንዲሠራ ያስተምራል፤ የመጀመሪያው ዶዝ ብቻውን እምነት አይጣልበትም።

ዕድሜ፦ እዚህ ላይ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። የቲኤቲ ጉልበት በሁለት ሦስት ሳምንት ይሟጠጣል፤ ተውሶ ነዋ! ክትባቱን ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለተኛ ጊዜ የወሰደ ከ1 እስከ 3 ዓመት ይጠበቃል። ከ6 ወር በኋላ ሦስተኛውን ሲጨምር ቢያንስ 5 ዓመት፣ አራተኛውን ሲደግም ቢያንስ 10 ዓመት። በቴታነስ ታሞ የዳነ ሰው እንኳ መከተብ አለበት፤ በሽታው ራሱ መከላከያ አይተውም።

አደጋ፦ ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ ክንድ ያሳምማል፣ አንዳንዴም ትኩሳት ያመጣል። ቲኤቲ የፈረስ ስለሆነ ከባድ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። መጀመሪያ ቆዳ ላይ ጠብታ ወግተው የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ ቸኩላችሁ አትነሱ።

ለማን የቱ? ቁስሉ ጥልቅና ቆሻሻ ሆኖ ክትባት ያልጀመረ ወይም የማያስታውስ፣ እንደ ጎረቤቴ፣ ሁለቱንም ባንድ ቀን በተለያየ ቦታ ይወጋል። ቢያንስ ሦስት ዶዝ ክትባት የወሰደ ቲኤቲ አያስፈልገውም፤ የመጨረሻው 5 ዓመት ካለፈው አንድ ማጠናከሪያ ይበቃዋል። ገና ሚስማር ያልወጋው፣ ክትባትም ያልጀመረ የብረት ሠራተኛ ደግሞ ክትባቱን ብቻ ይጀምር፣ ካርዱንም አይጣል።