አዲስ አበባ ለእረፍት ከገባችሁ የመጽሐፍ ውይይት እንዳያመልጣችሁ

ከዲሲ አገር ቤት ሄጄ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛ የማደርገው ሆቴልም ባንክም አይደለም። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የታደምኳቸውን የመጽሐፍ ውይይቶች ነው። መግቢያ አልተከፈለም፣ የጥሪ ካርድም አልተጠየቅኩም። ከሰርጉና ከዘመድ ጥየቃው የተረፈ አንድ ከሰዓት ካላችሁ እዚያ አሳልፉት።

መጀመሪያ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው። የተመረቀው ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስለሆነ ቀደም ብለን ከአገር የወጣን ሰዎች አናውቀውም። ሕንፃው ያምራል፣ ብርሃኑ ለንባብ ይመቻል፣ ወጣቱም ሞልቶታል። በር ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ያዙ።

ልቤን የወሰደው ግን ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ቤት ነው፣ በአዳራሹም መጽሐፍ ይመረቃል፣ ይተቻል፣ ደራሲ ከአንባቢ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። እሁድ ከሰዓት ነበር የሄድኩት። ጥናት አቅራቢው ስለ መጽሐፉ ያለውን ከተናገረ በኋላ መድረኩ ለታዳሚው ተከፈተ፣ እውነተኛው ነገር የጀመረውም ያኔ ነው። አንድ አባት መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ተነሱ። ገጽ እየጠቀሱ፣ «ይሄ እኔ ካየሁት ጋር አይገጥምም፣ ምንጭህ ማነው?» ብለው ደራሲውን ጠየቁት። ደራሲው አልተቆጣም። ያነጋገራቸውን ሰዎችና ያገላበጣቸውን ሰነዶች አንድ በአንድ አስረዳ፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ደግሞ ሁለቱንም የሚሞግት ሌላ ጥያቄ ይዛ ተነሳች። ዲሲ አካባቢም የመጽሐፍ ምረቃ አይጠፋም፣ ግን ብዙዎቻችን ደራሲውን ለማበረታታት እንጂ መጽሐፉን አንብበን አንመጣም። ወመዘክር ግን አንብበው ነው የሚመጡት። በጣም ነው ያኮራኝ።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሌላ ቤተ መጻሕፍት የባህልና የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት አለ ተብዬ 8 ሰዓት ላይ ደረስኩ። የተጀመረው ዘግይቶ ነው፣ ከዚያም የክብር እንግዶች ንግግር ተራ በተራ ቀጠለ። ክራሩ ደስ ይል ነበር፣ ግጥሞቹም እንደዚያው፣ ግን ማይኩ እየተቆራረጠ ከኋላ ያለነው ግማሹን አልሰማንም። ደራሲዋ መናገር ስትጀምር ሰው ወደ ታክሲ መውጣት ጀምሮ ነበር። ለዚህች ሴት አዘንኩ። በዕለቱ የተጋበዘችው እሷ ሆና ሳለ ጊዜዋን ሌሎች በሉት።

ሌላው ችግር ማስታወቂያው ነው። የዝግጅቱ ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በቴሌግራም፣ ያውም በዋዜማው ነው። ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው ፕሮግራሙን እንዴት ያስተካክል? እዚህ አሜሪካ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት እንኳ የወሩን ዝግጅት አስቀድሞ ይለጥፋል። አዘጋጆቹን የምለምናቸው ሁለት ነገር ነው። መርሐ ግብሩን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አውጡልን፣ ውይይቱን ደግሞ በስልክም ቢሆን ቀድታችሁ ጫኑልን። ከአገር ርቀን ያለን አንባቢዎች እንከታተላለን።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ቀኑን አዲስ አበባ ያለ መጽሐፍ አዟሪ ወይም የመጽሐፍ መደብር ጠይቁ፣ ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። በስልክ የሚከፈልበት ቴሌብር ከሌላችሁ ጥሬ ብር ያዙ፣ መጽሐፉ እዚያው በር ላይ ይሸጣል፣ ደራሲው ይፈርምላችኋል። ሻንጣችሁንም በበርበሬና በሽሮ ብቻ አትሙሉት።