ጨው የሚበላው ሣጥን፦ ከውሃ ማለስለሻ ጋር 14 ወራት

የምኖረው ከሥሯ ጠመኔ በተነጠፈባት ከተማ ነው። ጠመኔው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ወለል ላይ ከተጠራቀመ የደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት የተሠራ ነጭ ድንጋይ ነው። ዝናብ በአፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ አሲዳማ ይሆንና ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። እኛ ደግሞ ያንኑ ውሃ ከጉድጓድ ስበን በቧንቧ እናመጣዋለን። ሲቀዳ ጥርት ያለ ነው፤ ሲፈላ ግን የተሸከመውን ድንጋይ እዚያው ያራግፈዋል።

የሟሟውን ድንጋይ በመመርመሪያ ወረቀት ስለካው በካልሲየም ካርቦኔት (ጠመኔው የተሠራበት ንጥረ ነገር) ስሌት በሊትር 300 ሚሊ ግራም ገደማ አሳየኝ። ከ180 በላይ የያዘ ውሃ «በጣም ጠንካራ» ይባላል። ቤታችን በቀን 300 ሊትር ያህል ይጠቀማል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው በዓመት ወደ 33 ኪሎ ግራም የሟሟ ድንጋይ በግድግዳችን ውስጥ ያልፋል። አብዛኛው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ የሚቀረው ሙቀት ያለበትን ቦታ መርጦ ይቀመጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ሲበላሽ ቧንቧ ሠራተኛው የማሞቂያውን ብረት አውጥቶ አሳየኝ። ብረቱ አይታይም ነበር፤ የነበረው ጣት የሚያህል፣ ሲነካ የሚፈረፈር ነጭ ዱላ ነው። ሻወሩም ግማሽ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ውሃውን ከሰውነቴ ይልቅ ለግድግዳው ይረጭ ነበር።

ይህን ድንጋይ ከውሃው የሚያስወግደውን ማለስለሻ ከመግዛቴ በፊት፣ ድንጋዩ እንዳይጋገር ያደርጋል የተባለ ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ሞክሬ ስምንት ወር በትዕግሥት ጠብቄያለሁ። በእኔ ቤት ያመጣው ለውጥ ቢኖር ቧንቧው ላይ ማግኔት መታሰሩ ነው።

አሁን ያለኝ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን ፍሬዎች በውስጡ ያሉት ሣጥን ነው። ፍሬዎቹ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዘው በምትካቸው ከጨው ያገኙትን ሶዲየም ይለቃሉ። በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ገደማ፣ ሌሊት ላይ፣ ሣጥኑ ራሱን በጨው ውሃ ያጥባል፤ የያዘውንም ድንጋይ ወደ ፍሳሽ ይደፋል። ለአንድ እጥበት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ጨውና 70 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል። 25 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከረጢት ሦስት ወር ተኩል ገደማ ያቆየኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት ሲንጎራጎር ሌባ የገባ መስሎኝ ተነሥቻለሁ።

ለውጡ በሳሙና ጀመረ። በጠንካራ ውሃ ሳሙናው ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ግራጫ እድፍ ይሆንና አረፋ ለማውጣት እጅ ይዝላል። በለሰለሰው ውሃ የለመድነውን ያህል ሳሙና ብንጠቀም ገላችንን በአረፋ ቀበርነው። የዱቄት ሳሙናውን ግማሽ አድርገነዋል፤ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ይቆም የነበረው ፎጣም መታጠፍ ጀመረ። ሲታጠቡ ቆዳ ላይ የሚቀረው የማሙለጭለጭ ስሜት ግን ሳሙናው አልለቀቀም የሚያሰኝ ነው፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልወደደችውም። በቧንቧዎቹ ዙሪያ የነበረው ነጭ ቀለበት አንዴ ከተፋቀ በኋላ አልተመለሰም። ያለ ምንም ማጋነን፣ ለዚህ ብቻም ቢሆን ያወጣሁት ገንዘብ አይቆጨኝም።

ለቆዳ ሕመም ብለው የሚገዙትን ግን አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የወጣ፣ ኤክዜማ ያለባቸው 336 ልጆች የተካፈሉበት ጥናት ማለስለሻው ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም አላገኘም።

የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ሆን ብዬ ከሣጥኑ ውጪ አድርጌዋለሁ። ውሃዬ ሲለሰልስ በእያንዳንዱ ሊትር 138 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይጨመርበታል፤ ጨው ቀንሱ ለተባሉና ለሕፃናት ወተት ማዘጋጃ አይመከርም። በዚህ ምክንያት ማንቆርቆሪያው ብቻ በቀድሞው ሕይወቱ ቀጥሏል። በየሦስት ሳምንቱ በሲትሪክ አሲድ አጸዳዋለሁ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፦ ቶሎ ይልቀቅ ብዬ አሲዱን አብዝቼ አፈላሁት። ከአሲዱና ከድንጋዩ የሚፈጠረው ካልሲየም ሲትሬት በሙቅ ውሃ ውስጥ ከቀዝቃዛው ያነሰ ስለሚሟሟ አንዱን ቅርፊት አስለቅቄ ሌላ ነጭ ዝቃጭ አተረፍኩ። አሁን ለብ ባለ ውሃ እበጠብጥና ትቼው እሄዳለሁ።

ትልቁ ጣጣ የመጣው በስምንተኛው ወር ነው። የሻወሩ መስታወት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ታየኝ። የጨው ማስቀመጫውን ከፍቼ ሳየው እስከ አፉ ሞልቷል። ሬዚኑ አርጅቶ ነው ብዬ ሻጩን በስልክ ተጨቃጨቅኩት፤ እሱም ስለ ቅንብሩ የማይገባኝን ብዙ ነገር ነገረኝ። በሦስተኛው ቀን በንዴት የመጥረጊያውን እጀታ ወደ ጨው ሰደድኩት። ገጹ እንደ ጣሪያ ተደረመሰና እጀታው እስከ ክንዴ ድረስ ገባ። ከሥሩ ባዶ ነበር። ጨው ከላይ ተጋግሮ ድልድይ ሠርቷል፤ ውሃው ከታች ጨው ሳያገኝ ሬዚኑን በከንቱ ሲያጥብ ከርሟል። ሻጩን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ የጨው ድልድይ የሚባል ነገር መኖሩን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ግን ሁለታችንም ባረፍን ነበር። ጥፋቱ በከፊል የእኔ ነው፤ ሣጥኑን ያስቀመጥኩት እርጥበት ያለበት ጥግ ላይ ነው፣ ጨውንም እስከ አፉ እሞላ ነበር። አሁን ከግማሽ አላሳልፍም፤ በወር አንድ ጊዜም እወጋዋለሁ።

እንደገና ብገዛ ያንኑ እገዛለሁ፤ የማስቀምጠው ግን ደረቅ ቦታ ላይ፣ ከረጢቱን ተሸክሜ ደረጃ በማልወርድበት በኩል ነው። የተከራያችሁት ቤት ከሆነ ወይም ወገባችሁ 25 ኪሎ የማይችል ከሆነ ሲትሪክ አሲዱንና ትዕግሥቱን ይዛችሁ ብትቆዩ ይሻላል።