ፎቶን ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፦ በገመድ ወይስ በካርድ ሪደር?

በገመድ ለመገልበጥ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም፤ ካሜራውን በዩኤስቢ አገናኝቶ ማብራት ነው። ችግሩ ባትሪው ላይ ነው። ግልበጣው ሳያልቅ ካሜራው ከጠፋ ፋይሉ ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ የቆዩ ካሜራዎች ዩኤስቢ 2.0 ስለሆኑ በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚያስተላልፉት፤ 32 ጊጋባይት የሞላ ካርድ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ሰርግ ለሚያነሳ ሰው ካርድ ሪደር፣ ማለትም የካሜራው ካርድ ገብቶበት ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ትንሽ መሣሪያ፣ ይሻላል። ዩኤስቢ 3.0 ሪደርና ፈጣን ኤስዲ ካርድ ካለ ያው ሥራ በስድስት ሰባት ደቂቃ ያልቃል። ሪደሩ 2.0 ቀዳዳ ላይ ከተሰካ ግን ትርፉ ይቀራል፤ ፈጣኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው።

አሠራሩ፦ ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡና ሪደሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ሪደሩን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩ። ፎቶዎቹ ያሉበትን «ዲሲአይኤም» (DCIM) የሚለውን ፎልደር ኮፒ ያድርጉ፤ ከት (ከካርዱ አንስቶ ማዛወር) አያድርጉ፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ አደጋ አለውና። የፋይሉን ብዛትና መጠን ያመሳክሩ፣ ከዚያ «ኢጀክት» ብለው ይንቀሉ። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ካለ እሺ አይበሉ፤ ሌላ ሪደር ይሞክሩ። ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የካርድ ዓይነት በግድ ከተገፋ የሪደሩ ቀጫጭን መርፌዎች ይጣመማሉ፤ እዚህ ላይ ገመዱ ይበልጣል። ካርዱን ባዶ ማድረግ ሲያስፈልግ እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት ይደረግ፤ ያም ሁለተኛ ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ።