ጎህ ሲቀድ ቀን የሚለውጥ ሰዓት፦ ጄገር ለኩልትር ወይስ አይ ደብሊው ሲ?

የእጅ ሰዓቴን፣ ጄገር ለኩልትሩን፣ የገዛሁት ስስ ስለሆነ ነው። ዛሬ የምወደው ግን ማንም ሻጭ ባልነገረኝ ነገር ነው። የኔ ሰዓት ቀን የሚለውጠው ጎህ ሲቀድ ነው። የሠሩት ሰዎች እኩለ ሌሊት ላይ እንዲለውጥ ነበር ያሰቡት።

ነገሩ ቀላል ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ሰዓቴን በፈረንጅ አቆጣጠር አልሞላም። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ማለት አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ደግሞ ሁለቱ ጠቋሚዎች 12 ላይ ሲገናኙ፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ፣ ቀኑን ይለውጣል። በኛ ሲሞላ ያ 12 ወይ የንጋቱ ነው ወይ የምሽቱ። የንጋቱን መረጥኩ። ከዚያ ወዲህ የቀን ለውጡን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። እዚያ ማዶ ያሉት ባለቤቶች ለውጡ እኩለ ሌሊት ስለሆነ ተኝተዋል፤ የከፈሉበትን ነገር አያዩትም።

ስለ ምርጫው ባጭሩ። ፐርፔቹዋል ካሌንደር የሚሏቸው ሰዓቶች የፈረንጁን ወር ርዝመት ያውቃሉ። 30ና 31ን ይለያሉ፣ ፌብሩዋሪ 28 ይሁን 29 አይጠፋቸውም። ባትሪ የለም። ሁሉም ጥርስና ስፕሪንግ ነው። በተለመደው አሠራር ውስጡ በአራት ዓመት አንዴ የምትዞር ጎማ አለች፤ ጠርዟ በ48ቱ ወራት ልክ ተቀርጿል። አንዲት ዘንግ ጫፏን ትደግፍበታለች። ጫፏ ጠልቃ ከገባች ወሩ አጭር ነው።

የኔ ፉክክር በሁለት መካከል ነበር። አንዱ የአይ ደብሊው ሲ ፖርቹጊዘር ነው፤ 44 ሚሊሜትር፣ አንዴ ከተሞላ 7 ቀን የሚሄድ። ሌላው የጄገር ለኩልትር ማስተር አልትራ ቲን፤ 39 ሚሊሜትር ስፋት፣ 9.2 ውፍረት። ሁለቱም ስዊስ ናቸው፣ ሁለቱም ዓመቱን በአራት አሃዝ ያሳያሉ፣ ሁለቱም ዛሬ የአንድ ኩባንያ፣ የሪሽሞን ንብረት ናቸው። የአይ ደብሊው ሲ ሰዎች ኩርት ክላውስ የሚባል ባለሙያቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዳ ቪንቺ በተባለ ሰዓት ይኮራሉ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሁሉ በመሙያዋ ብቻ ይስተካከላል። ኩራታቸው አይበዛባቸውም፣ ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ፖርቹጊዘሩን ክንዴ ላይ ሳደርገው አክንባሎ የተደፋበት መሰለ። ተውኩት። ሁለተኛ እጅ የሆነውን ጄገር ከዱባይ አስመጣሁ። ባለቤቴ ዋጋውን እስካሁን በባጃጅ ነው የምትቆጥረው፤ ስንት ባጃጅ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም።

ሻጩን በልቤ እስከ ዛሬ እከራከረዋለሁ። «ጌታዬ፣ እስከ 2100 ድረስ ቀኑን መንካት አያስፈልግዎትም!» ይለኛል። እሺ፣ 2100 ምን ይመጣል? ፈረንጆቹ በመቶ የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29ን ይነሱታል። ሰዓቱ ይህን አያውቅም፤ ዝም ብሎ 29 ይላል። በኛ 2092 የካቲት መሆኑ ነው። የኛ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፣ አለቀ። ስለዚህ፣ ወንድሜ ሻጩ፣ የምትሸጥልኝ ማሽን አስተሳሰቡ ከራስህ ካሌንደር ይልቅ ለኔ ይቀርባል! የጎደለችው ጳጉሜ ብቻ ናት።

እሷን ለምን እንዳልጨመሩ ደግሞ ገብቶኛል። ጎማዋ በ48 ፋንታ 52 ቅርጽ ይኖራታል፤ 48ቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስቱ ለ5፣ አንዱ ለ6። እስከዚህ ከነሱው ይቀላል። ችግሩ ዝላዩ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ሲያልቅ ቀን ጠቋሚዋ 29ን፣ 30ን፣ 31ን ብቻ ዘላ 1 ላይ ታርፋለች። ከጳጉሜ 5 ወደ መስከረም 1 ግን በ30 ቀን ክብ ላይ 25 ቀን በአንድ ሌሊት መዝለል አለባት። ያን ሁሉ ጥርስ የሚገፋ ስፕሪንግ 9.2 ሚሊሜትር ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። በሀሳብ ደረጃ ግን የሚያስቀና ሰዓት ይወጣው ነበር።

ዘንድሮ የካቲት 22፣ የምኩራብ እሑድ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ከተማሩ አንድ መሪጌታ ጋር ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀምጠን ነበር። ሊነጋ ነው። ጋቢዬን ገለጥ አድርጌ «የኔታ፣ እዩ» አልኳቸው። በቀኝ በኩል ባለችው ትንሽ ክብ ቀን ጠቋሚዋ 28 ላይ ነበረች። 12 ሰዓት ሲሆን ተንቀሳቀሰች፤ 1 ላይ ቆመች። ከላይ ያለችው ፌብሩዋሪን ትታ ማርች ገባች። ከታች ያለችው ጨረቃ ልትሞላ ቀርባለች። የኔታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉ።

«ዘመኑ ማን ነው ይላል?»

«ወንጌላዊውን አያሳይም የኔታ። 2026 ብቻ ነው የሚለው።»

«ማርቆስን አያውቅም?» ትንሽ አሰቡ። «ጳጉሜንስ የት ደበቋት፣ ልጄ?»

ከዚያ በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። የሚመጣው ዓመት ሉቃስ ነው፤ ሉቃስ ጳጉሜን 6 አድርጎ ይወጣል፤ የፈረንጁ 29 ደግሞ ከዚያ በኋላ በየካቲት ይመጣል። «ከኛ ኋላ ኋላ ነው የሚሄደው» አሉ፣ ረክተው። ለጨረቃዋም በባሕረ ሐሳብ ስሌት መጥቅዕና አበቅቴ አውጥተው ከመስኮቷ ጋር አስተያዩ። ተስማሙ። የኔታ ባትሪም ሆነ ስፕሪንግ አላስፈለጋቸውም፤ ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

አሁን ምሬቱ። የኔው ሞተር፣ ካሊበር 868 የሚሉት፣ የድሮው ስለሆነ የሚሄደው 38 ሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ ካወለቅሁት ሰኞ ቆሞ አገኘዋለሁ። እዚህ ላይ ባለ 7 ቀኑን ፖርቹጊዘር ማስታወሴን አልክድም። ማስተካከያው በጎኑ ያለች አንዲት መጫኛ ናት። አንዴ ስትጫን ቀኑም ዕለቱም ጨረቃውም አብረው አንድ ቀን ይሄዳሉ። ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ካለፋችሁ ሰዓቱን አቁማችሁ ቀኑ እስኪደርስላችሁ መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ያሳየሁት ሰዓት ሠሪ ክዳኑን እንኳ አልከፍትም ብሎ መለሰልኝ። አልተቀየምኩትም።

የሌሊት በረራም አለ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ስልኬ አዲሱን ቀን ሲያሳይ ሰዓቴ ገና ትናንት ላይ ነው። ለሌሊት 7 ሰዓት በረራ ቲኬት ስቆርጥ የማየው ስልኬን ነው። ለቀረው ሁሉ ሰዓቴን አምናለሁ። ሌሊት ሳይነጋ ነገ ሆኗል የሚለኝን መሣሪያ ድሮም አልወደውም።

ባለ 7 ቀኑን ልለውጥህ የሚለኝ ወዳጅ አለ። አልለውጥም። ክንዴም አልወፈረም።

የኔን ዓይነት ይዛችሁ በኢትዮጵያ ሰዓት መሙላት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ጠቋሚዎቹን ወደፊት እያዞራችሁ ቀኑ የሚዘልበትን 12 ፈልጉ፤ እሱን ንጋት አድርጉት። ከዚያ መጫኛዋን ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት አትንኩ፤ ጥርሶቹ ተያይዘው ያሉት ያኔ ነው። መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀይ ካሳየች እጃችሁን ሰብስቡ፣ ቡናችሁን ጠጡና ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ተመለሱ።