የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ፦ ከ5 ኮከብ 3 ተኩል

ከተመረቅኩ ወዲህ በሳምንት አንድ ሰው አላጣም፣ "እኔም ልግባበት ወይ?" የሚለኝ። አንዱ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ማኪያቶ ጋብዞኝ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ባጃጅ ውስጥ። እየደጋገምኩ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ። የዩኒቨርሲቲውንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። የምወቅሳቸው ነገር አለ፣ ደግሞም ሌላ ቦታ የተማሩ ጓደኞቼ የሚያወሩት ከእኔ ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ግርታውን ላጥራ። ድሬ ላይ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተማርኩ ስል "እና መድኃኒት ታዢያለሽ?" ነው የሚሉኝ። አላዝም። እሱ የሳይካትሪስቱ ሥራ ነው፤ ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ሆኖ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ሰው ነው። የእኔ ሥራ በቃለ መጠይቅና በመመዘኛዎች መመርመር፣ ችግሩን ከሰውየው ኑሮ ጋር አያይዞ መረዳት፣ ከዚያ በንግግር ማከም ነው። እንግሊዝ አገር ለዚሁ ሥራ 3 ዓመት ዶክትሬት ይማራሉ፣ ያውም ደመወዝ እየተከፈላቸው። እኔ የተማርኩት 2 ዓመት ማስተርስ ነው፣ ደመወዙ ይቅርና የታክሲውም ከኪሴ። ስለዚህ እያንዳንዷ ወር ምን ላይ እንደምትውል ያሳስባል። ዋናው ቅሬታዬም እሱ ነው።

ስለ መግቢያው ብዙ አልልም። ኤንጋትን (የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን) ማለፍ ነው፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ከረሳችሁ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ክላስ ብቻ ነው። ስላይድ በስላይድ። የቤክን ኮግኒቲቭ ቴራፒ (አስተሳሰብን በመፈተሽ የሚያክመውን ዘዴ) ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፣ ሰው ፊት ቁጭ ብዬ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ምን ብዬ እንደምከፍት ግን ማንም አላሳየኝም። ሮል ፕሌይ ተብሎ፣ አንዱ ታካሚ አንዱ አካሚ ሆኖ፣ ሁለቴ ሞከርን፣ ሁለቱም በሳቅ አለቀ። ከሁሉም ያበሸቀኝ የሱስ ኮርሱ ነው። ስለ አልኮል ሦስት ሳምንት፣ ስለ ኮኬይን አንድ ሳምንት፣ ስለ ጫት አንዲት ስላይድ! አቦ፣ እኔ የመጣሁት ከድሬ ነው። በምርቃና ሰዓት የሚያወራን ሰው ካላወቅከው ማኒያ (ከልክ ያለፈ የመነቃቃት ሕመም) ይመስልሃል፣ በማግስቱ ጠዋት ሲደበርበት ካገኘኸው ደግሞ ድብርት ብለህ ትጽፋለህ። ጫት ሲያቋርጥ ሌሊት ዱካክ፣ ያ የሚያስጨንቀው ሕልም፣ የሚያንገላታው ሰው "የሚያንቀኝ ነገር አለ" ቢልህ የሌለ ነገር ያያል ብለህ ትሰነብታለህ። "ለመጨረሻ ጊዜ የቃምከው መቼ ነው?" ብሎ መጠየቅን የተማርኩት ከአንድ የሳይካትሪ ነርስ ነው፣ ኮሪደር ላይ ቆመን።

ሁለተኛው ዓመት ፕራክቲከም፣ ሆስፒታል ውስጥ የተግባር ልምምድ። ሐረር ደረሰኝ። ጠዋት በሚኒባስ ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች፣ ደንገጎ ላይ ጃኬት መልበስ፣ ድሬ ስንገባ ማውለቅ። እዚህ ነው ትምህርቱ ትምህርት የሆነው።

የድብርት መለኪያ አለ፣ ፒኤችኪው ዘጠኝ የሚባል። 9 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ ከ27። ባለፉት 2 ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ እያለ ይጠይቃል። የአማርኛ ቅጂም አለው። አንዲት እናት ተቀመጡ (ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ቀይሬያለሁ)። "እንቅልፍዎስ እንዴት ነው?" "አልሐምዱሊላህ።" "የምግብ ፍላጎትዎስ?" "አልሐምዱሊላህ።" እንዲህ እንዲህ እያልን 9ኛው ደረስን። ድምሩ ዜሮ። ቀና ስል ሻሻቸውን በእጃቸው ጠቅልለው አፋቸው ላይ ይዘውታል፣ እንባው በሻሻቸው ላይ ይወርዳል። ወረቀቱን አስቀምጬ "ቤት ውስጥ ማን ማን አለ?" አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ አወሩ።

9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል ወይ ነው። እኛ ቋንቋ ደግሞ "ሞቴን ባረገው" ልጅ ቡና ሲደፋም ይባላል። ስለዚህ እዚያ መቆም አይቻልም። እንዴት አሰብክ፣ በምን፣ መቼ ብሎ መቀጠል ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ብጠይቅ ሐሳቡን የማስገባባቸው እየመሰለኝ እንደ መርዝ እፈራው ነበር። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ተማርኩ፣ ብዙዎቹም ጠያቂ በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። ለዚህ አንድ ኮከብ ሙሉ።

ሌላው ቋንቋ ነው። ሐረር ላይ አማርኛ ብቻ ይዘህ ግማሽ ሰው ነህ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይመጣል። አስተርጓሚ የለም፣ የሚያስተረጉመው አስታማሚው ነው። እስቲ አስቡት፣ ሚስት ስለ ባሏ ታማርራለች፣ አስተርጓሚው ባልየው! ሁለት ደቂቃ ሙሉ አወራች፣ ወደ እኔ ዞሮ "ራሷን ያማታል" አለኝ። ይህን ማስተካከል የሆስፒታሉ ሥራ ነበር፣ ለማን አቤት እንደምል ግን እስክወጣ ድረስ አልገባኝም።

አሁን ወደ ሱፐርቪዥን፣ ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራሽን አይቶ የሚያርምበት ሰዓት። መመሪያው ላይ በየሳምንቱ ይላል። እኔ ያገኘሁት በወር አንዴ፣ እሱም ሱፐርቫይዘሬ ዶክተሩ ተረኛ ካልሆነ። ያገኘኋት ጥቂት ሰዓት ግን ወርቅ ናት። አንዴ ታካሚውን አስፈቅጄ የቀረጽኩትን ድምፅ ይዤ ገባሁ፣ ኮራ ብዬ። ዶክተር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶ አነሳ፣ እያዳመጠ ወረቀት ላይ ጭረት ይጭራል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ አጠፋው። 11 ጭረት። "አይዞህ ያልሽው ነው" አለኝ። "ላጽናናው ብዬ ነው" አልኩ። "እሱን ነው ራስሽን? አይዞህ ባልሽው ቁጥር ወሬውን ያቆማል፣ ስሚው።" መልሶ ከፈተው። እውነቱን ነበር። ልጁ ስለ ወንድሙ ሊናገር ይጀምራል፣ እኔ አይዞህ እላለሁ፣ እሱ "እሺ" ይላል፣ ዝም። አሥራ አንድ ጊዜ! ፊቴ እንዴት እንደጋለ። በአንድ ዓመት ስላይድ ያልገባኝ በዚያች ሃያ ደቂቃ ገባኝ፣ ንዴቴም ከዚያ ይጀምራል፤ ይህን የሚችል ሰው ካለ ለምን በየሳምንቱ አላገኘሁትም? ዶክተሩን አልወቅስም፣ ዋርዱም ተመላላሹም እሱ ላይ ነው። ተማሪ ሲቀበሉ ግን የወንበር ብዛት ሳይሆን የሱፐርቫይዘር ብዛት መቁጠር ነበረባቸው።

ቲሲሱን ዝለሉት፣ እንደማንኛውም ቲሲስ ነው፣ አድቫይዘር በማሳደድ ያልቃል።

ልግባበት ወይ ለምትሉኝ፣ ግቡ። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ዲፓርትመንቱን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ፕራክቲከሙ ስንት ወር ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓትስ ማን ቁጭ ብሎ ያያችኋል? "እሱ ችግር የለውም" ካሏችሁ ችግር አለው። የታካሚዎቻችሁን ቋንቋ መለማመድም ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሩ፤ እኔ ኦሮምኛዬን በሚኒባስ ውስጥ ነው ያሻሻልኩት።

ሎግ ቡኬን (የልምምድ መዝገቤን) ትናንት ከቁም ሣጥን አወጣሁት። የሱፐርቫይዘር ፊርማ የሚለው ሳጥን ከሰባተኛው ሳምንት እስከ አሥረኛው ባዶ ነው።