ለጀበል ጄስ ዚፕላይን በደላላ በኩል ለምትከፍሉ ወገኖች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በወር ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን የበለጠ ዕረፍት ለማታገኙ እህቶቼ ይህን የምጽፈው፣ ባለፈው ጥር ወር እኔና ሦስት ጓደኞቼ በራስ አል ኬይማ ኤምሬት ወደሚገኘው የጀበል ጄስ ተራራ ለሚደረግ የዚፕላይን (በተወጠረ ገመድ ላይ በቀበቶ ታስሮ ከከፍታ ወደ ታች የመንሸራተት) ጉብኝት ለአንድ ደላላ ከፍለን የደረሰብን ነገር በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ቅሬታዬ ተራራው ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ላይ አይደለም። እዚያ ያገኘናቸው ሠራተኞች ሥራቸውን በጥንቃቄና በአክብሮት ያከናውኑ ነበር፤ ያታለለን በእኛና በእነርሱ መካከል የገባው፣ በገዛ ቋንቋችን «እህቶቼ» እያለ ያነጋገረን ሰው ነው።

ማስታወቂያውን ያየነው በቴሌግራም ነበር። «የዓለማችን ረጅሙ ዚፕላይን፤ ትራንስፖርት፣ አስጎብኚ፣ ምሳና ኢንሹራንስ ጭምር፣ ለአንድ ሰው 650 ድርሃም» ይላል። ከጽሑፉ በላይ የተለጠፈው ፎቶ በሆዱ ተዘርግቶ ከገደሉ በላይ የሚበር ሰው ያሳያል። አራታችን 2,600 ድርሃም ሰብስበን በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስገባን። ደረሰኝ ስንጠይቀው «ትኬቱ ራሱ ደረሰኝ ነው» ብሎ የትኬቱን ምስል በስልክ ላከልን፤ ዋጋው የሚጻፍበት የታችኛው ክፍል ተቆርጦ እንደነበር ያስተዋልነው ግን በኋላ ነው።

በቅድሚያ ልታውቁት የሚገባው ነገር በጀበል ጄስ ያለው ዚፕላይን አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፈት ከዓለም ረጅሙ ተብሎ በጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ የሰፈረው «ጄስ ፍላይት» የተባለው ሲሆን፣ ርዝመቱ 2.83 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚነሳውም ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ነው። በዚህኛው ላይ ሰው በሆዱ ተኝቶ ፊቱን ወደፊት አድርጎ ይሄዳል። «ጄስ ስካይ ቱር» የተባለው ሌላው ደግሞ አጠር ባሉ ተከታታይ ገመዶች ላይ ቁጭ ብሎ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው የሚያልፉበት ነው። ይህም በራሱ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ፎቶ አሳይቶ ሁለተኛውን መሸጥ ማታለል ነው፤ በእኛም ላይ የተፈጸመው ይኸው ነው።

በቀኑ ከሻርጃ የወሰደን መኪና ምንም ዓይነት የድርጅት ምልክት የሌለው የግል መኪና ነበር። ሾፌሩ ገና ጉዞ ሳንጀምር «ፖሊስ ካስቆመንና ከጠየቃችሁ ጓደኞቼ ናቸው በሉ» አለን። በዚያች ደቂቃ መውረድ ነበረብን፤ አልወረድንም፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በዚህ አገር ፈቃድ በሌለው የግል መኪና ገንዘብ ተቀብሎ ሰው ማመላለስ ክልክል ሲሆን፣ በዚያ ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ኖሮ ለሕክምናችን ማን ኃላፊነት እንደሚወስድ በእጃችን የሚያስረዳ ወረቀት አልነበረም። አስጎብኚ የተባለውም ይኸው ሾፌር ነበር፤ ከደረስን በኋላ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ጠበቀን። የዚፕላይን አስጎብኚዎች ከትኬቱ ጋር የሚመጡ መሆናቸውን፣ ይኸውም ቀበቶውን የሚያስሩት፣ መንጠቆውን ፈትሸው የሚለቁትና በወዲያኛው ጫፍ የሚቀበሉት የቦታው ሠራተኞች ራሳቸው እንደሆኑ ያወቅነው እዚያ ስንደርስ ነው። ስለዚህ «ለአስጎብኚ» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው፣ አስቀድሞ በትኬቱ የተከፈለውን አገልግሎት ደግሞ እየሸጠላችሁ ነው።

መቀበያው ላይ ሠራተኛዋ ምስሉን ተመልክታ ይህ የስካይ ቱር ትኬት መሆኑን ነገረችን፤ አራቱም ቦታ የተያዘው ከመካከላችን በሌለ በአንድ ሰው ስም ነበር። ለፍላይት በዚያ ቀን ባዶ ሰዓት አልነበረም። ኢንሹራንስ የተባለውን ስንጠይቃት ስለ እንዲህ ያለ ነገር የምታውቀው አልነበራትም። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ወሰዱን።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የሚዛኑ ነገር ነው። እያንዳንዱ ተጓዥ ከነጫማው በሚዛን ላይ ይቆማል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል። አንዷ ጓደኛችን ከተፈቀደው ክብደት በላይ ሆና በመገኘቷ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ እየተመለከተ፣ ቁልቁል ወደ ሚዛኑ ቁጥር እያየች ጥቂት ቆመችና ዝም ብላ ወረደች። ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክንያቱን አስረዳት፦ በጣም ከባድ ሰው በፍጥነት ደርሶ የማቆሚያውን አቅም ይፈትናል፣ በጣም ቀላል ሰው ደግሞ ጫፉ ላይ ሳይደርስ መካከል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ ከላይም ከታችም ወሰን አለው። ይህ ወሰን ትኬት በሚገዛበት ጊዜ ተጽፎ የሚታይ ሲሆን፣ ገዢው አንብቤ ተስማምቻለሁ ብሎ ምልክት ያደርጋል። በእኛ ስም የተስማማው ደላላው ነው። ክብደታችንን አልጠየቀንም፤ እርግዝና ይኑር፣ የልብ ወይም የጀርባ ሕመም ይኑር፣ በቅርብ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ይኑር አልጠየቀንም። አሠሪዋን ለምና ያገኘችው የወሩ ብቸኛ የዕረፍት ቀን ለጓደኛችን እንዲህ ሆኖ አለፈ። ገንዘቧን ለማስመለስ ስትጠይቅም፣ ማመልከት የሚችለው ትኬቱን የገዛው ሰው ብቻ መሆኑን ነገሯት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በተራራው ላይ ነፋስ ሲበረታ ዚፕላይኑ ይዘጋል፤ መዘጋቱም ለእናንተው ደህንነት ነው። እንዲህ ሲሆን ቀን የሚለወጥለት ወይም ገንዘብ የሚመለስለት በስሙና በካርዱ የገዛው ሰው ነው። ትኬቱ በደላላ ስም ከተቆረጠ ተመላሹ ገንዘብ ወደ ደላላው ኪስ ይገባል፤ እናንተ መመለሱን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ።

ስለዚህ መሄድ የምትፈልጉ ሁሉ ትኬቱን ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ገጽ በራሳችሁ ስም ግዙ፤ ካርድ ከሌላችሁ የምታምኑት የቅርብ ሰው ይግዛላችሁና ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን ማረጋገጫ ሙሉውን ተቀበሉ። ትኬቱ ላይ «ፍላይት» ወይስ «ስካይ ቱር» እንደሚል ቃሉን ለይታችሁ አንብቡ። ከመክፈላችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልብስና ጫማ ለብሳችሁ ተመዘኑ። እኛን ያሳሳተን ዋጋው «ሁሉን ያካተተ» መባሉ ስለሆነ፣ ትራንስፖርትን ለብቻው ፈቃድ ካለው ድርጅት መያዝ ይሻላል። ጉዞ አዘጋጅ ነኝ የሚል ሰው የንግድ ፈቃድ ቁጥሩን ሲጠየቅ ሊቆጣ አይገባም፤ ከተቆጣም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

እኛ ከተመለስን በኋላ ለደላላው ደጋግመን ጻፍንለት። «ዚፕላይን ሁሉ አንድ ነው፤ በርራችኋል አይደለም ወይ?» ብሎ መለሰና ዘጋን። አገሪቱ በ2020 ያወጣችው የተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አቤቱታ ለማቅረብም ሞክረን ነበር። ነገር ግን በእጃችን የነበረው ወደ ግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ የገባበት ማስረጃና የተቆረጠ ምስል ብቻ ነበር፤ የድርጅት ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና ደረሰኝ አልነበረንም። ማስታወቂያውን ራሱን ቀድመን ሳናስቀምጠው ከቻናሉ ላይ አጥፍቶታል። እናንተ ግን ገና ከመክፈላችሁ በፊት ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ በስልካችሁ አስቀምጡ።

ከ2,600 ድርሃሙ እስከ ዛሬ የተመለሰልን ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት በሌላ ስም በተከፈተ ቻናል ላይ፣ በሆዱ ተዘርግቶ የሚበረው ሰው ያለበት ያው ፎቶ እንደገና ተለጥፎ አይቼዋለሁ፤ ዋጋውም 700 ድርሃም ሆኗል።